30 ሜትር የውሃ ጎማ የት ላስቀምጠው? (ደብረ ብርሃን)

ጠባሴ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፣ እኛ ግቢ ግን የጭቅጭቅ ምንጭ ሆኗል። ቤታችን ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። ግቢው ጠባብና ረጅም ነው፤ ቧንቧው የውጭ በሩ አጠገብ፣ ጓሮው ደግሞ ከቤቱ ኋላ። ጓሮው ላይ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ሁለት የአፕል ዛፍም ተክለናል። ከቧንቧው እስከዚያ የሚደርስ 30 ሜትር ጎማ ተገዛ፤ ባለ ሦስት ሩብ ኢንች፣ አረንጓዴው፣ መሃሉ ላይ ክር ያለው።

ማጠጣቱስ ደህና ነው። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። መተላለፊያው ላይ ከተተወ ተከራዮቹ ጄሪካን ይዘው ሲያልፉ ያደናቅፋቸዋል፣ የልጆች ብስክሌት ይሄድበታል። ተጠቅልሎ ጥግ ከተቀመጠ ደግሞ በነጋታው ሲፈታ ተተብትቦ ነው የሚገኘው። ወንድሜ ሚስማር ላይ ሰቅሎት ሚስማሩ የነካው ቦታ ታጥፎ ቀረ፤ አሁን ውሃው እዚያ ጋ ይታነቃል። እናቴ "ወይ ሥርዓት አስይዙት ወይ ለቁራሌው እሰጠዋለሁ" ብላለች። ሱቅ ውስጥ ባለ እጀታ የፕላስቲክ ማጠንጠኛ አይቻለሁ፣ ግን ስስ ሆነብኝ። የተሻለ መላ ያለው ይንገረኝ።

ጎሚስታው

ቸርኬ! አሮጌ የቤት መኪና ቸርኬ፣ 13 ወይም 14 ቁጥር። ጎሚስታ ቤት ሄደሽ "የተጣመመ፣ ለመኪና የማይሆን ስጡኝ" በይ፣ በርካሽ ይሰጡሻል። ግድግዳ ላይ በብሎን አስመቺው፣ ጎማውን በላዩ ላይ አዙሪው፣ አለቀ። 14 ቁጥር ቸርኬ 35 ሳንቲ ከግማሽ ገደማ ስፋት አለው፣ ስለዚህ ጎማው የሚያርፈው በሰፊ ክብ ላይ ነው። ሚስማር የሚያበላሸው ክብደቱን በሙሉ አንድ ነጥብ ላይ ስለሚጥለው ነው።

የታነቀውን ቦታ አትታገይው። ቁረጭና አውጪው፣ መሃሉ ላይ መገጣጠሚያ አስገቢ፣ በሁለት ፋሸታ አጥብቂው። ጎማው አልገባ ካለሽ ጫፉን ለአፍታ የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ ይለሰልሳል።

የአባ ቤት

በጄሪካን አጠጪ፣ ክንድሽ ይጠነክራል 😄

ጠባሴ

@የአባ ቤት ና አንተ ሞክራት እስቲ።

@ጎሚስታው እግዜር ይስጥልኝ። ቸርኬው ላይ አጥብቄ ልጠምጥመው ወይስ ላላ ላድርገው? ደግሞ የፊት ግድግዳችን ብሎኬት ነው፣ የጓሮው በኩል ግን ጭቃ።

ብየዳ በሬሳ

ላላ አድርጊው። ቸርኬ የክር ማጠንጠኛ አይደለም። ትልልቅ ዙር እየሠራሽ ከላይ ታንጠለጥይዋለሽ፤ የዙሩ አናት ቸርኬው ላይ ያርፋል፣ የቀረው ወደ ታች ይወርዳል። አጥብቀሽ ከጠመጠምሽው ሲፈታም እንደዚያው ተጠማዞ ነው የሚወጣው።

ሰዎች የሚዘነጉት ክብደቱን ነው። ቸርኬው ብቻውን 7 ኪሎ ገደማ ነው፣ ጎማው ባዶውን ያንኑ ያህል ይመዝናል፣ ውስጡ ውሃ ከቀረበት ጠቅላላው ከ20 ኪሎ ያልፋል። እሱም ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ በየቀኑ ይጎተታል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር እየሰፋ ይወጣል። ወይ ግድግዳውን አሳልፎ በሚያልፍ ረጅም ብሎን፣ ከኋላው ሰፋ ያለ ላሜራ አድርገሽ እሰሪው፣ ወይ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሞልተሽ ብሎኑን እዚያ ውስጥ ትከዪው። ጭቃ ግድግዳ ላይ ግን በፍጹም አትሞክሪው፣ ቋሚውን ብታገኚው እንኳ ልስኑ መርገፉ አይቀርም። ለእሱ ራሱን የቻለ የባሕር ዛፍ ግንድ አቁሚ፤ ከመሬት በታች 60 ሳንቲ ይግባ፣ የሚቀበረው ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ይቀባ፣ ዙሪያው በድንጋይ ይጠቅጠቅ።

ሌላ፣ ቸርኬውን ስታስሪው ሆዱ ወደ አንቺ ይሁን። መርጫውን፣ ትርፍ ጎሚኒውንና ፋሸታውን እዚያ ውስጥ ታስቀምጫለሽ። ከኋላው ጣውላ አድርጊ፣ ካለዚያ ጠርዙ ግድግዳው ላይ እየታከከ አይቀመጥልሽም። ብሎኑ ላይ ወፈር ያለ ሮንዴላ።

ቆላው

ከሸዋ ሮቢት ነኝ። እዚህ ትልቁ ጠላት ፀሐይ ነው፣ ለእናንተ ደጋዎቹ አይገባችሁም። ጎማው ፀሐይ ላይ ከዋለ ፒቪሲውን የሚያለሰልሰው ቅመም እየወጣ ይሄዳል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ስታጥፈው ይሰነጠቃል። ውሃ ይዞ ፀሐይ ላይ ከዋለ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ እጅ ያቃጥላል፤ ችግኝ ላይ እንዳታፈሱት፣ ልጆችም እንዳይጫወቱበት። ቸርኬውን እዚያ ግንብ ላይ፣ እዚህ ግንብ ላይ ከማለት በፊት ጥላ ያለው የት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

የኛ የሽንኩርት ማሳ ጎማ ሌላ ዓይነት ነው፣ ከሮቢ ወንዝ በሞተር የምንስብበት ጠፍጣፋው። እሱን ቸርኬ ላይ የሚሰቅል የለም። ውሃውን አፍስሰን፣ ርዝመቱን መሃል ላይ አጥፈን፣ ከታጠፈው በኩል ጀምረን እየተጫንን እንጠቀልለዋለን። ሁለቱ አፎች ውጭ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ይቀራሉ፣ በነጋታው አንዱን ይዞ መሮጥ ብቻ ነው።

መሐል ሜዳ

@ቆላው ብርድ አለ ማለት ፀሐይ የለም ማለት አይደለም ወንድሜ። ከፍ ባልክ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ይበረታል፣ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ። አንተ 1,280 ሜትር አካባቢ ነህ፣ ደብረ ብርሃን 2,840፣ እኛ ከ3,000 በላይ። ሙቀቱ ያንተ ይብስ ይሆናል፣ ጨረሩ ግን የኛ ነው። መንዝ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ምን ያህል ቶሎ እንደሚነጣና እንደሚበጣጠስ ና እይ።

ከዚያ ላይ ውርጩ አለ። ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ጎማው እንደ ዱላ ይደርቃል። ውሃ ውስጡ ካደረ ሲረጋ 9 በመቶ ገደማ ስለሚያብጥ መጀመሪያ የሚሰነጠቁት መርጫውና መገጣጠሚያዎቹ ናቸው። ስለዚህ ማታ መርጫው ተዘግቶ፣ ውሃው ውስጡ ታፍኖ አይደር።

እኔ ቸርኬ የለኝም። 200 ሊትር የዘይት በርሜል ወገቡ ላይ አስቆረጥኩ፣ ጠርዙን አስፈጋሁ (ሳይፈጋ እጅ ይቆርጣል)፣ ታቹን በሳስቼ ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ጎማው በርሜሉ ውስጥ ግድግዳውን ተከትሎ ራሱ ይዞራል፣ ውሃው በታች ይወርዳል፣ ከላይ ቆርቆሮ ይከደናል። ፀሐይ የለ፣ ውርጭ አይነካው፣ አህያም አይረግጠው። አንድ ምክር፦ ከታች ጎኑ ላይ አንድ ሰፊ ቀዳዳ አውጡለት፣ የቧንቧው በኩል ጫፍ በእሱ ይውጣ። ያኔ ጎማውን ከላይ ስትስቢው ከቧንቧው መፍታት አያስፈልግም።

ጠባሴ

በርሜሉን ወደድኩት! ግን አይጥ አይገባበትም? እዚህ አይጥ የማትበላው ነገር የለም።

መሐል ሜዳ

ክዳኑ ከገጠመ አትገባም። የጎኑን ቀዳዳ ከጎማው ብዙ አታስፊው፣ ዳሩን በቁራጭ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ሸፍኚው። እሱ ጎማው እንዳይፋቅም ይጠብቃል።

ዲጄ ደብረ ሲና

ሥራዬ የሰርግ ሳውንድ ነው፣ 50 ሜትር ገመድ በየቅዳሜው እጠቀልላለሁ፣ ስለዚህ ስለ መተብተብ እኔን ጠይቁኝ። ጎማን ወይም ገመድን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስትጠቀልሉት እያንዳንዱ ዙር አንድ ሙሉ ክርረት ይጨምርበታል። 20 ዙር ከሆነ 20 ክርረት ይዞ ያድራል ማለት ነው። ጠዋት ጫፉን ስትጎትቱ ያ ሁሉ መውጫ ይፈልጋል፣ የሚታጠፈውና የሚታነቀው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ማፈራረቅ ነው። የመጀመሪያውን ዙር እንደ ልማዳችሁ አዙሩት። ሁለተኛው ላይ አንጓችሁን ገልብጣችሁ ያዙትና ዙሩን ከታች በኩል አስገቡት፣ ማለትም የሚመጣው ጎማ ካለፈው ዙር በስተኋላ ይለፍ። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው፣ አራተኛው እንደ ሁለተኛው። አንዱ ያከረረውን ሌላው ይፈታዋል። መጀመሪያ እጅ እንቢ ይላል፣ ከዚያ ሳታስቡት ትሠሩታላችሁ። ጥንቃቄው አንድ ነው፦ የጎማው ጫፍ በዙሮቹ መሃል ሾልኮ እንዳያልፍ። ካለፈ ስትጎትቱት በየዙሩ ቋጠሮ ይሠራል፣ ያኔ ስሜን ታነሳላችሁ።

ለክንድ ከከበደ መሬት ላይ በ8 ቁጥር ቅርጽ ዘርግታችሁ ደራርቡት፣ ውጤቱ ያው ነው። ከዚያ መሃሉ ላይ አጥፋችሁ ክብ ታደርጉትና ቸርኬውም ላይ በርሜሉም ውስጥ ይሄዳል።

ብየዳ በሬሳ

ይሄን አላውቅም ነበር። ዛሬ የብየዳ ማሽኑን ገመድ ሞክሬበት እውነቱን ነው።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ የውሃ መስመር ሥራ ላይ ነው ያረጀሁት። ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል፣ ያልተነሳ ግን አለ።

የአንድ ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ጎማ 30 ሜትር ውስጡ 8 ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ይይዛል። በፈረቃ ውሃ ለሚጠቀም ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አጠጥታችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ ቧንቧውን ዝጉ፣ መርጫውን ክፈቱና ግፊቱ ይውጣ፣ ከዚያ ጎማውን ከቧንቧው ፍቱት። የቧንቧውን በኩል ጫፍ ትከሻ ላይ አድርጋችሁ፣ ጎማውን ከሥሩ እያነሳችሁ ወደ ጓሮው ተራመዱ። ውሃው ከፊታችሁ እየሸሸ ጎመኑ ሥር ይፈስሳል። ጓሮ ስትደርሱ ጎማው ባዶ ነው፣ በእጃችሁም ተጠቅልሏል። እንግዲህ ማስቀመጫው መሆን ያለበት የት ነው? ቧንቧው ጋ ሳይሆን ጓሮው ጋ ነው። በተለይ ቧንቧው የተከራይ ሁሉ መሰለፊያ ከሆነ።

ሁለተኛው ከመልኩ በላይ የሚያሳስብ ነው። የጎማውን ጫፍ በርሜል ወይም ሮቶ ውስጥ ነክሮ ቧንቧውን ክፍት ትቶ መሄድ ልማድ አለ፣ ውሃ ሲመጣ ይሞላልኝ ተብሎ። ውሃው ሲቋረጥ መስመሩ ውስጥ ግፊቱ ይወርድና ወደ ኋላ ይስባል። በርሜሉ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ እበት የተበጠበጠበትም ቢሆን፣ ወደ ቧንቧው ይገባል፤ ከዚያ ጎረቤት ይጠጣዋል። የጎማው ጫፍ ሁልጊዜ ከውሃው በላይ ይንጠልጠል፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር። የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ውሃን ወደ ኋላ የማያስኬድ ቫልቭ ይገኛል፣ ግን የመጀመሪያው ጥንቃቄ ጫፉን ማንሳት ነው።

ከአትክልት ጎማ ውሃም አትጠጡ። ተራው ጎማ ለመጠጥ ተብሎ አልተሠራም።

ጎሚስታው

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጓሮ ካስቀመጡት በየቀኑ ጫፉን እስከ ቧንቧው መጎተት ሊኖርባት ነው። ቧንቧው ጋ ቢሆን አይሻልም?

ጡረተኛው

ልጄ፣ የትም ቢሆን አንዱ ጫፍ ይጎተታል። ቧንቧው ጋ ካደረግከው ስትጨርስ ጭቃ የነካውን ጫፍ በመተላለፊያው እየጎተትክ ትመለሳለህ። ጓሮ ካደረግከው ስትጀምር ደረቁንና ባዶውን ነው የምትጎትተው። ባዶውን መጎተት ይቀላል።

ጠባሴ

አባባ፣ ትክክል ነዎት። ጓሮ ካልን ግን ጭቃው ግድግዳ ነው፣ ስለዚህ የባሕር ዛፍ ግንድ መትከል ሊኖርብን ነው። ደግሞ ጓሮ ከቤቱ ሰሜን በኩል ነው፣ በጋ ላይ ፀሐይ የማያገኘው ጎን፣ ውርጩም እዚያ ነው የሚቆየው። ችግር የለውም?

መሐል ሜዳ

እንዲያውም ያ ነው ጥሩው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምታዘነብለው፣ ወደ ሰሜን የሚያይ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ጎማው የሚሠራውም በእነዚያ ወራት ነው። ውርጭ ባዶ ጎማን አይጎዳም፣ የሚጎዳው ውሃ የቀረበትን ነው። ብቻ ገና ደርቆ ሳለ በጠዋት አትዘርጊው፣ ሲታጠፍ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ፀሐይዋ ወጣ ካለች በኋላ አጠጪ።

ክረምት ላይ ደግሞ እስከ መስከረም አትፈልጊውም። አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ቤት አስገቢው።

የአባ ቤት

ቀልዱን ትቼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ለምን 30 ሜትር ሆነ? ከቧንቧው እስከ ጓሮ በግድግዳው ሥር ቱቦ ቀብራችሁ ጓሮ ላይ ሁለተኛ ቧንቧ ብታወጡ 10 ሜትር ጎማ አይበቃም? 10 ሜትር ጎማ እኮ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ይሄ ሁሉ ሰው ስለ ቸርኬ ይጨቃጨቃል።

ጠባሴ

😳 ይሄን ያህል ቀን ጄሪካን ስትል የቆየኸው ሰውዬ ነህ?

ጡረተኛው

ልጁ ልክ ነው። እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር። ጥቁሩን ፖሊ ቱቦ፣ ባለ ግማሽ ወይም ሦስት ሩብ ኢንች፣ በግድግዳው ሥር ቅበሩት። እግርና ብስክሌት የሚያልፍበት ስለሆነ 40 ሳንቲ ጥልቀት ይኑረው፤ ያ ለውርጩም ይበቃል። ከዋናው ቧንቧ ከተቀጠለበት ቦታ ላይ መዝጊያ ይኑረው፣ ጓሮው ቢያፈስ ቤቱ ውሃ እንዳይቋረጥበት። ጓሮ የሚቆመው ቧንቧ ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ብረት ከሆነ ማታ ማታ ጆንያ ጠቅልሉበት፤ ቀዝቅዞ የሚፈነዳው እሱ ነው። ቧንቧውን ከግድግዳው አርቃችሁ አቁሙት፣ ጭቃ ግድግዳ ውሃ አይወድም።

ቁፋሮው የቤት ሰው ከሠራው ወጪው ቱቦውና መገጣጠሚያው ነው። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት በሜትር ለኩ፣ በእርምጃ አይሁን።

ብየዳ በሬሳ

እሺ ተሸንፈናል 😂 ግን ለ10 ሜትሩም ቢሆን ቸርኬው ይሁንልሽ። ባልዲ ውስጥ የገባ ጎማ ባልዲው ለሌላ ነገር ሲፈለግ መሬት ላይ ይወድቃል። የጎማው ክብደት ወደ ሲሶ ስለሚወርድ ግንዱም ቀጠን ያለ ይበቃዋል።

ጠባሴ

ሁላችሁንም አንብቤ ለእናቴም አነበብኩላት። የወሰንነው ይሄ ነው፦ ቱቦው ይቀበራል፣ ጓሮ ላይ ቧንቧ ይወጣል። ከ30 ሜትሩ ጎማ የታነቀውን ቦታ ቆርጠን ደህናውን 10 ሜትር ለጓሮ እናስቀራለን፣ የተረፈውን ለአጎቴ ጫጫ እንልክለታለን፣ እሱ ሰፊ ግቢ አለው። ቸርኬው ከቧንቧው አጠገብ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ይታሰራል፣ በላዩ ላይ አንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ። የዲጄውን አጠቃለል ወንድሜ እየተለማመደ ነው፣ እስካሁን ራሱን ነው ያሰረው።

አንድ የቀረኝ፦ ቸርኬው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይበል?

ብየዳ በሬሳ

መሃሉ ከወገብሽ ትንሽ ከፍ ይበል። ዙሮቹን ስታንጠለጥያቸው የታችኛው ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፣ ካለዚያ ጭቃው ይረጭበታል፣ ዶሮም ይጫወትበታል። ግንዱን ከመትከልሽ በፊት ጎማውን በእጅሽ ይዘሽ ለኪው።

ጠባሴ

ገባኝ። ቅዳሜ ቁፋሮ እንጀምራለን።

ጡረተኛው

አፈሩን ከመመለሳችሁ በፊት ውሃ ልቀቁበትና አንድ ሌሊት ይደር። ማታ ማታ ተጠቃሚው ሲቀንስ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ላላ ያለ መገጣጠሚያ ካለ ጠዋት ላይ ርጥቡ ይታያችኋል።